ጡት የሰጠው ሆድ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላስ?

ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ሞልቶ ሲነሣ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከሆዷ ሥጋ ተወስዶ ጡቷ መልሶ የተሠራላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ በሚሰጣት ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ተጽፎ የምታገኘው ወሰን ከዚሁ ብዙም አይርቅም፦ ለ6 ሳምንት ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ። ልጅ አትሸከሚ፣ የልብስ ቅርጫት አትጎትቺ፣ ሶፋ አትግፊ። መመሪያው ትክክል ነው። ችግሩ ወረቀቱ እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ለክልከላው ማብቂያ ቀን ተቆርጦለታል፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ሸክምና ወደ ሩጫ የሚመልሰው መንገድ ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ ሴትየዋ 6ኛው ሳምንት ባለቀ ማግስት ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ ሁሉም ተፈቀደልኝ ብላ 23 ኪሎ የሞላ ሻንጣ ከወለል ላይ ብድግ ታደርጋለች፤ ወይ ደግሞ ፈርታ ዓመት ሙሉ ሆዷን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ትኖራለች። ሁለቱም ይጎዳሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ጥንቃቄ ስለሚመስል ማንም አይቆጣትም።

በካንሰር ምክንያት የተወገደን ጡት መልሶ ለመሥራት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በሲሊኮን ወይም በጨው ውኃ የተሞላ ሰው ሠራሽ ጡት ማስገባት ነው። ሁለተኛው የሴትየዋን የራሷን ሥጋ ከሌላ የሰውነት ክፍል አምጥቶ ጡት ማድረግ ነው። ለዚህኛው ሐኪሞች አዘውትረው የሚመርጡት ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ የሰውነት ሙቀት አለው፣ ሴትየዋ ስትወፍር አብሯት ይወፍራል፣ ስትከሳም ይከሳል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የአትላንታው ቀዶ ሐኪም ካርል ሃርትራምፕፍ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ስልት በምሕጻረ ቃል «ትራም» ይባላል። በትራም ከቆዳውና ከስቡ ጋር የሆድ ጡንቻው አብሮ ይነሣል። የጡንቻው የላይኛው ጫፍ ከጎድን አጥንት ጋር እንደተያያዘ ይቀርና ደም የሚያቀብል ገመድ ሆኖ ሥጋውን በቆዳ ሥር በተከፈተ ዋሻ ወደ ደረት ያሻግራል። በ1989 ጃፓናዊው ኮሺማና ባልደረባው ጡንቻውን ሳይወስዱ ቆዳውንና ስቡን ከነደም ስሩ ማንሣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1992 በኒው ኦርሊንስ ሮበርት አለን ይህንኑ ለጡት ሥራ ተጠቀመበት። ስሙ «ዲፕ» ነው። ሐኪሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያላቸውን ደም ስሮች ከጡንቻው ውስጥ ፈልቅቆ ካወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ እያየ ደረት ላይ ካሉ ደም ስሮች ጋር ይሰፋቸዋል። ሥራው ሰዓታትን ይፈጃል፤ ለሁለቱም ጡት ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን የሚያሳስት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በዲፕ ጡንቻው አይወሰድም።» እውነት ነው፣ አይወሰድም። አልተነካም ማለት ግን አይደለም። ደም ስሩን ለማውጣት ጡንቻው በርዝመቱ ይሰነጠቃል። የጡንቻው ነርቮች ደግሞ ከጎን ተሻግረው የሚገቡ ስለሆኑ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሊቆረጡ ይችላሉ። ነርቩ የተቆረጠበት ጡንቻ ቦታው ላይ ቢገኝም ይሰንፋል። ስለዚህ «የኔ ዲፕ ነው፣ ሆዴ ደኅና ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በትራም ሁለቱንም ጡንቻ የሰጠች ሴት ደግሞ ከተኛችበት ቀጥ ብላ መነሣት እስከ መጨረሻው ሊያስቸግራት ይችላል።

የሆድ ግድግዳን እናቶቻችን ወገባቸው ላይ በሚጠመጥሙት መቀነት መመሰል እወዳለሁ፤ ልዩነቱ ይህኛው በርከት ያለ ድርብ መሆኑ ነው። ከፊት ለፊት ሁለት ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ከብልት አጥንት እስከ ጎድን አጥንት ድረስ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ስፖርተኞች ላይ ስድስት ተከፍሎ የሚታየው እነዚህ ናቸው። ከጎንና ከጎን ሦስት ድርብ ጡንቻ አለ። ከሦስቱ ከሁሉ የጠለቀው ጭረቱ አግድም ሆኖ ሆድን ዙሪያውን ያቅፋል፤ እውነተኛው መቀነት እርሱ ነው። ሁሉንም ጠንካራ ነጭ ሽፋን ያያይዛቸዋል። ይህ ሽፋን በላይኛው ሆድ ላይ ቀጥ ያሉትን ጡንቻዎች ከፊትም ከኋላም ያለብሳቸዋል። ከእምብርት በታች ጥቂት ዝቅ ሲባል ግን የኋላው ልብስ ያልቅና የፊተኛው ብቻ ይቀራል። ተፈጥሮ አንድ ድርብ ብቻ የተወችው፣ ቀዶ ሐኪሙም ሥጋ የሚፈልገው እዚያው አካባቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቦታውን በመረብ መሰል ጨርቅ የሚያጠናክሩት ለዚህ ነው።

ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፣ ልዩነታቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው መነፋት ነው፦ ግድግዳው ሳይቀደድ ይላላና የሆዱ አንድ ወገን ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለተኛው ቡአ ነው፣ ሐኪሞች ሄርኒያ የሚሉት፦ ግድግዳው ተከፍቶ አንጀት ወይም ስብ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው አይመችም፣ መልክም ያበላሻል። ሁለተኛው ግን ድንገት ከጠጠረ፣ ካመመና ካስመለሰ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ወይም ሀበሻ በሚበዛበት በሌላ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ቤቷ የገባች ሴት የሚጠብቃት እንክብካቤ የአራስ ነው። እናት ወይም እህት ከአገር ቤት መጥታ ከሆነ ገንፎውም አጥሚቱም ይደርሳል፤ ጠያቂው በር ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ምንም አይቀረው። ይህ ፍቅር በገንዘብ አይገዛም። «ተኚ፣ ከአልጋ አትውረጂ» የሚለው ክፍሉ ግን አደገኛ ነው። ካንሰር፣ ረጅም ቀዶ ሕክምናና መተኛት ሲገጣጠሙ ደም በእግር ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ነርሶቹ ገና በማግስቱ ደግፈው የሚያስነሷት ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ከዳሌ እስከ ዳሌ የተሰፋው ቆዳ ተወጥሯልና ቀጥ ማለት ስፌቱን ይጎትታል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ትቃናለች። እስከዚያው የሆድን ሥራ የሚሠራው ጀርባ ስለሆነ ወገቧን ያማታል፤ ይህን ቀድሞ የነገራት ከሌለ አዲስ በሽታ ይመስላታል። ስትተኛ ራሷ ከፍ ብሎ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ይደረጋል። ስትነሣ መጀመሪያ በጎኗ ትዞራለች፣ እግሮቿን ከአልጋው ታወርዳለች፣ ከዚያ ክንዷን ተደግፋ ትቀመጣለች። አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር እጇን ይዞ አለመጎተት ነው፤ ደረቷም ሆዷም በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ። ስትስልና ስትስቅ ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ ትጫን። ስቀው ሊያስቋት የሚመጡ ዘመዶች ለጊዜው ይታገሱ።

ሆድ ድርቀት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች አንጀትን ያስሩታል፤ ማማጥ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ስፌቱን ይገፋል። ውኃ፣ አትክልት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ የተልባ ውኃ። የጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን መሆኑ ይታሰብ። ምስርና ሽሮ ይረዳሉ፤ ለታመመ ግን ቤተ ክርስቲያንም ጾሙን ታቃልላለች፣ የነፍስ አባት ይጠየቅ።

ሌላው ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው መደንዘዝ ነው። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ፣ አዲሱም ጡት፣ ለወራት አንዳንዴም ለዘለቄታው ሙቀትና ቅዝቃዜ አይለዩም። ወገቧን ያመማት ሴት ሆዷ ላይ ትኩስ ውኃ የሞላ ጠርሙስ አስቀምጣ ብትተኛ ቆዳዋ እየተቃጠለ አታውቅም። እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ ጠርዝ ሆዷን ቢነካት የምታየው ቀዩን ምልክት ነው፣ ሕመሙ አይመጣም። (ስለ እምብርት ከተነሣ፦ እምብርቷ ያው የድሮው ነው። ሐኪሙ ዙሪያውን ቆርጦ ከሥሩ ሳይነቅለው ይተወዋል፤ ቆዳው ወደ ታች ሲሳብ በአዲስ ቀዳዳ መልሶ ያወጣዋል። እትብቷ አለመነካቱ ብዙ ሴቶችን ሲያጽናና ሰምቻለሁ።)

እንግዲህ ወደ እንቅስቃሴው። 6 ሳምንት የተባለው ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ጠባሳ የሚጠነክረው በወራት ነው፤ ሲጨርስም ቀድሞ ከነበረው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። 6ኛው ሳምንት ስፌቱ ራሱን መሸከም የሚጀምርበት ጊዜ ነው እንጂ የሚጨርስበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰውነት ጠባሳውን የሚያደራጀው በሚመጣበት ኃይል አቅጣጫ ነው። በልኩ የሚሠራ ሆድ የጭረቶቹ አሰላለፍ የተስተካከለ ጠባሳ ይሠራል፤ ምንም የማይሠራ ሆድ ደንድኖ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ዕረፍት ብቻውን የሆድ ግድግዳን አይጠግንም የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ትንፋሽ ነው፤ ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ። ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች፣ አየሩን ወደ ጎድን አጥንቶቿ ጎንና ጎን ታስገባለች፤ ስታስወጣ የታችኛው ሆዷ መቀነቱን በቀስታ እንደሚያጠብቅ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የጠለቀው አግድም ጡንቻ የሚነቃው በዚህ ነው። ከላይ የመተንፈሻው ድያፍራም፣ ከታች ሽንትን የሚይዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ አብረውት ይሠራሉ፤ ስትስል ሽንት የሚያመልጣት ሴትም የምትጀምረው ከዚህ ነው። ሐኪሟ ሲፈቅድ ዳሌን በቀስታ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ተረከዝን ወለል ላይ እያንሸራተቱ እግርን መዘርጋት፣ መቀመጫን ከወለል ማንሣት ይከተላሉ። ግድግዳ ተደግፎ መግፋት ይመጣል፤ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ወለል እየወረዱ። ወራት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ሁለት ምልክቶች ዳኛ ይሁኗት። እንቅስቃሴውን ስትሠራ ሆዷ መሐል ላይ እንደ ሸንተረር ከተነሣ ወይም አንድ ወገን ከተነፋ ከበዳት ማለት ነው፤ ወደ ቀለለው ትመለስ። ትንፋሿን ካልያዘች መሥራት ካልቻለችም እንዲሁ። ሲነሣ አየር ይወጣል፣ ሲወርድ ይገባል፤ ትንፋሽ ሲታፈን ጫናው በሙሉ ወደ ስፌቱ ይሄዳል።

ተኝቶ ቀጥ ብሎ መነሣትን፣ ብዙ ሰው «የሆድ ስፖርት» የሚለውን፣ ለምን አላነሣሁም? እርሱ የሚያሠራው በተለይ የተጎዱትን ቀጥ ያሉትን ጡንቻዎች ነው፤ ከውስጥ ያለውን ግፊትም ወደ ደካማው ቦታ ይሰዳል። በትራም ጡንቻው ለተወሰደባት ደግሞ በሌለ ጡንቻ ልሠራ እንደማለት ነው። በኢንተርኔት «በ30 ቀን ቦርጭ ማጥፊያ» እየተባለ የሚዞረው ቪዲዮ ለእርሷ አልተሠራም።

ክልከላ ዕድሜው ሲረዝም ምን እንደሚያመጣ ከክንድ ታሪክ መማር ይቻላል። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢ (ንፍፊት) የወጣላቸው ሴቶች ክንዳቸው እንዳያብጥ ለአሥርት ዓመታት ከባድ ነገር አታንሡ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቿ ክንዳቸው ያበጠባቸውን 141 ሴቶች በሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት አስነሧቸው፤ ከትንሽ ጀምረው፣ በአሠልጣኝ እየተጠበቁ፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ። እብጠቱ አልባሰም። ጉልበታቸው ጨመረ፣ ያነሡት ሴቶች ሕመም የባሰባቸውም ያነሰ ጊዜ ነበር። በ2019 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ካንሰር ላለፈባቸው ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን የ30 ደቂቃ እንቅስቃሴና በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እስከ መምከር ደረሰ። የሆድ ጉዳይ ግን አሁንም በብዙ ቦታ የ6 ሳምንቱ ወረቀት ላይ ቆሟል።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያጥር ሲታሰብ ገንዘብ ይነሣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ፌዴራል ሕግ ጡት ማስወገድን የሚሸፍን የጤና መድን መልሶ መሥራቱንም፣ ከዚያ የሚከተሉ አካላዊ ችግሮችንም እንዲሸፍን ያስገድዳል። ነገር ግን ሁሉም ሥራ በመለያ ቁጥር ይከፈላል። የአሜሪካ መንግሥትን የጤና መድን የሚያስተዳድረው የሜዲኬርና የሜዲኬይድ ማዕከል ለዲፕ የተለየውን የክፍያ ቁጥር በ2024 መጨረሻ እንደሚሰርዝ አስታውቆ ነበር። አንዳንድ መድን ድርጅቶች ከወዲሁ ክፍያ መቀነስ ጀመሩ፤ ዲፕን ጡንቻ ከሚወስዱት ስልቶች ጋር በአንድ ሒሳብ መክፈል ማለት ነው። ሐኪሞችና ታካሚዎች ጮኹ፤ ማዕከሉ በነሐሴ ወር 2023 ቁጥሩን እንደሚያቆይ ገለጸ። የሴቲቱ የሆድ ጡንቻ መቅረቱና መነሣቱ በአንድ የሒሳብ ቁጥር ላይ ሊንጠለጠል መቻሉ ያስገርማል። ፊዚዮቴራፒም፣ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የሚያድነው ሕክምና፣ እንዲሁ ነው፦ ሐኪሙ ካላዘዘው አይከፈልም፣ ሴትየዋ ካልጠየቀች ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። በእንግሊዝኛ ለመከራከር የማይመቻት እናት አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላት፤ በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ የትኛው ጡንቻ እንደተነካ፣ መረብ ገብቶ እንደሆነ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ እንድትላክ ትጠይቅ። ስለ ጡንቻው የምታገኘው መልስ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ካርታ ነው።

በአገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። የጡት ካንሰር የኢትዮጵያ ሴቶች ቀዳሚው ካንሰር ነው፤ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ነው፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ወረፋው ወራት ይወስድ ነበር። ነፍስ የማዳኑ ወረፋ እንዲህ እያለ ጡት መልሶ መሥራት ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ መሆኑ አይደንቅም። እውቀቱ ግን ትርፍ አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት የሆድ ጡንቻዋ አይወሰድባትም፣ ብዙውን ጊዜም ሳይቆረጥ ወደ ጎን ይገለጣል፤ ጉዳቷ የዚህችን ያህል አይደለም። ሆኖም ትንፋሹ፣ በጎን መነሣቱ፣ ሸንተረሩን መመልከቱ ለእርሷም ይሠራሉ።

ስግደትም ይጠየቃል፤ በተለይ ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት አስነክቶ መነሣት፣ ያውም ደጋግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለተሰፋ ሆድ ከባድ ሸክም ነው። ለታመመ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ሙስሊሟም ተቀምጣ፣ ካልሆነም በምልክት መስገድ ተፈቅዶላታል። ከወራት በኋላ ግን ያው ስግደት ጥሩ መለኪያ ይሆናል፦ ትንፋሿን ሳትይዝ፣ ሆዷ ሳይነፋ ወርዳ ከተነሣች መቀነቱ ይዟል።

ስፖርት ቤት ለማትሄድ ሴት ደግሞ የዘይቱ ጄሪካን አለ። ዘይቱ ሲያልቅ አይጣልም፤ በኛ ቤት መቼ ተጥሎ ያውቃል። ታጥቦ ሁለት ሊትር ውኃ ይገባበታል፣ ሐኪሙ ከፈቀደላት ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛ ላይ ይነሣል፤ አየር እያስወጣች፣ ወደ ሰውነቷ አስጠግታ። ለሳምንት እንዲህ ከሄደች ክብደቱን ሳትነካ ከፍታውን ትቀንሳለች፦ ከጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ ወለል። ወለሉ ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ሊትር ይጨመርና ጄሪካኑ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል።